የናይሮቢ ብርድና ያልተሸጠልን ዳማከሴ

ባለፈው ሐምሌ ከዝግጅት ክፍላችን ሦስት ሰዎች ከካኩማ ወደ ናይሮቢ ወጥተን ነበር። ጉዳያችን ሁለት ነበር። አንደኛው ለዚህችው መጽሔታችን የማተሚያ ቀለም መግዛት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመካከላችን የአንዱን የዓይን ሕክምና ቀጠሮ ማድረስ ነበር። ቀለሙም ተገዛ፣ ዓይኑም ታየ። ነገር ግን ዛሬ ልናጫውታችሁ የፈለግነው ስለ ሁለቱም አይደለም። ስለ ጉንፋን፣ ስለ ትኩሳትና አንዲት እናት አልሸጥም ስላሉን አንድ እስር ቅጠል ነው።

የመንቀሳቀሻ ፈቃዳችንን አጥፈን በኪሳችን ይዘን፣ ሌሊቱን ሙሉ በሎድዋርና በኪታሌ በኩል በአውቶቡስ ስንንገላታ አደርን። ከካምፑ ስንነሳ እንደምታውቁት ላባችን በጀርባችን ይወርድ ነበር። ናይሮቢ ስንደርስ ግን ሰማዩ ዳምኗል፣ ካፊያ ቢጤ ያካፋል፣ ሰው ሁሉ ካፖርትና ኮፍያ አድርጓል። እኛ በሸሚዝ! ናይሮቢ ማለት በማሳይኛ «ቀዝቃዛ ውሃ» ማለት ነው። ቦታውን ማሳዮቹ «ኤንካሬ ናይሮቢ» ብለው የጠሩት ከብቶቻቸውን ያጠጡበት በነበረው ወንዝ ምክንያት ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲዱ እዚያ በደረሰበት በ1899 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ የብርድ ወራት ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ይሄ ምን ብርድ ነው» ሊል ይችላል። ካኩማ ለዓመታት የከረመ ገላ ግን ያንን አይልም።

ያረፍነው ኢስሊ ነው። ከመሀል ከተማ 6 ወይም 9 ቁጥር ማታቱ ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ሙዚቃው ጆሮ እያደነቆረ ፈርስት አቬኑ ላይ ይጥላችኋል። ሱማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው፣ ኬንያዊው ተደባልቆ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ያረፍንበት ቤት የአንድ ወንድማችን ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ስምንት ሰው። በሁለተኛው ቀን ሁለታችን ማስነጠስ ጀመርን። ታናሻችን ደግሞ ራሱን ያመው ጀመር። ማታውን ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ጋለ፣ ከዚያ በላብ ተነከረ።

እንግዲህ ሐበሻ ቤት ሰው ሲታመም የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ጠያቂው ሁሉ ሐኪም ነው! አንዱ «ብርድ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ይብላ» አለ። ሁለተኛው «ፌጦ በሎሚ ነው የሚያሽለው» ብሎ ተነሳ። የጎረቤት እመቤት ኑግ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በሙቅ ውሃ በጥብጠው ላኩልን፤ ለሳል ነው ብለው። ሌላዋ ጤና አዳም ያለበት ቡና አፈሉ። ባለቤቷ የታናሻችንን ከንፈር አይተው «ይሄማ ምች ነው! አይታያችሁም ከንፈሩ ላይ የወጣው?» ሲሉ ቤቱ በሙሉ ተስማማ። ከአውቶቡስ ሙቀት ወርዶ ብርድ መታው፣ ምች ነው፤ መድኃኒቱም ዳማከሴ ነው ተባለ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ።

በማግስቱ ሁለታችን መድኃኒት ፍለጋ ወጣን። በዚያውም ገበያውን አየነው። ናይሮቢ ለሀገር ቤት መድኃኒት ድሃ ከተማ አይደለችም፤ ችግሩ የስሙ ነው። ዝንጅብል በስዋሂሊ «ታንጋዊዚ» ይባላል፣ ነጭ ሽንኩርት «ኪቱንጉ ሳውሙ» ነው፣ ማር «አሳሊ»፣ ሎሚ «ንዲሙ»። ሱማሌዎቹ ሱቆች ጋ ደግሞ ዝንጅብሉ «ሰንጀቢል» ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ጥቁር አዝሙድን «ሐበሶዳ» ይሉታል። ንጋራ ወደሚገኙት የሕንድ ቅመማ ቅመም ሱቆች ስንዘልቅ ጥቁር አዝሙድ «ካሎንጂ»፣ አብሽ «ሜቲ» ሆነው አገኘናቸው። ነጭ አዝሙድ «አጅዋይን» የሚል ስም ለብሶ በከረጢት ተደርድሯል። አሽትተን ነው የለየነው። ባለሱቁ ሕንዳዊ ሽማግሌ ስናሸት አይተው ሳቁ፤ እርሳቸውም ቤት ልጅ ሲያስለው እርድ በትኩስ ወተት እንደሚጠጣ ነገሩን። ለካስ ብርድ ያልመታው ሕዝብ የለም።

ኬንያውያኑም የራሳቸው አላቸው። በየሻይ ቤቱ «ዳዋ» ብትሉ ዝንጅብል፣ ሎሚና ማር በፈላ ውሃ ያቀርቡላችኋል። «ዳዋ» ማለት በስዋሂሊ መድኃኒት ማለት ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ በመጠጥ ቤቶች በዚሁ ስም የሚጠራ ቮድካ ያለበት መጠጥ አለና፣ ለጉንፋን ብላችሁ ሰክራችሁ እንዳትገቡ! ሌላው «ምዋሮባይኒ» የሚሉት ዛፍ ነው። «አሮባይኒ» አርባ ማለት ሲሆን፣ አርባ በሽታ ያድናል ለማለት ነው። ቅጠሉን ስናይ ተገረምን። ይህ እኮ ካምፓችን ውስጥ ጥላው ሥር ቁጭ ብለን ቡና የምንጠጣበት የኒም ዛፍ ነው! ትኩሳት የያዘው ሰው መራራውን ቅጠል አፍልቶ ይጠጣል። አርባውን ሁሉ ስለማዳኑ ግን ማስረጃ የለም፤ የፍሬው ዘይት ደግሞ ሕፃናትን እንደሚመርዝ የታወቀ ስለሆነ ለልጅ ማጠጣት አደጋ ነው።

የዳማከሴም ዘመድ ኬንያ አለች። ዳማከሴ ከበሶብላ ጋር አንድ ወገን ነች። ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ የኬንያ ተክል በምዕራብ ኬንያ ካካሜጋ ጫካ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ያለሙታል፤ ዘይቱን አውጥተውም «ናቱሩብ» የሚባል ለጉንፋንና ለሕመም የሚቀባ ቅባት ይሠራሉ። በሥራው የረዳቸው መቀመጫው እዚያው ናይሮቢ የሆነው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ነው፤ ማዕከሉን በ1970 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ኬንያዊው ሳይንቲስት ቶማስ ኦዲያምቦ ናቸው። እንግዲህ እናቶቻችን በመዳፋቸው አሽተው የሚጨምቁት ቅጠል ዘመድ በብልቃጥ ታሽጎ ይሸጣል ማለት ነው።

ወደ ሆስፒታሉ ቀጠሮ ስንሄድ ደግሞ በኃይለ ሥላሴ አቬኑ በኩል አለፍን። ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥም ምኒልክ ሮድ የሚባል መንገድ አለ። ስደተኛ ሆናችሁ በሰው ሀገር የራሳችሁን ንጉሦች ስም ታፔላ ላይ ስታነቡ ምን እንደሚሰማችሁ እንጃ፤ እኛን ግን ደስም አለን፣ ከፋንም። በአካባቢው ከአንድ ግቢ አጥር በላይ ባሕር ዛፍ ሲወዛወዝ አየን። ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. አካባቢ የማገዶ ችግርን ለማቃለል ነው። ስሙም እንደሚለው ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በኬንያም በቅኝ ግዛት ዘመን ለባቡሩ ማገዶ ተብሎ ተተከለ። ዛሬ ግን ከእኛ ጓዳ ማን ያስወጣዋል? ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን፣ ነጠላ ተከናንበን እንፋሎቱን የምንታጠነው የአያቶቻችን አያቶች የማያውቁትን ቅጠል ነው። መጤ ሆኖ ገብቶ ባለአገር ሆነ። ይህንን ስንል የራሳችንን ነገርም እያሰብን ነው። ዘበኛውን ለምነን ጥቂት ቅጠል ቆረጥንና በፌስታል ያዝን።

ማታ ባለቤቱ የኮሮናን ጊዜ አጫወቱን። በሽታው ኬንያና ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘቱ የተነገረው በአንድ ቀን፣ መጋቢት 13 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ነበር። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሰው ተሻማበት። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኢስሊ ወጪና ገቢው ተዘግቶ ሲቆይ፣ በየቤቱ ባሕር ዛፍ ይፈላ ነበር። «ሌላ ምን ነበረን? መታጠኑ ቢያንስ እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ አደረገን» አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ነጭ ሽንኩርት ከኮሮና ለመከላከሉ ማስረጃ እንደሌለ ያን ጊዜውኑ ተናግሯል።

ወደ ታናሻችን እንመለስ። ያንን ሁሉ ጠጥቶ፣ ታጥኖ፣ ተከናንቦ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትንሽ ቀለለውና ሁላችንም ደስ አለን። «አላልኳችሁም?» ያላለ ሰው አልነበረም። ማታ ግን እንደገና ተንቀጠቀጠ። ጥርሱ ሲገጫጭ ከሌላው ክፍል ይሰማ ነበር። ዳማከሴው ገና አልተገኘም ነበርና ጥፋቱ የዳማከሴ እጦት ሆነ። በማግስቱ በጠዋት፣ ከሞያሌ በሚመጣ ቅመምና በርበሬ የሚነግዱ አንዲት እናት ጋ ተላክን። ቤታቸው በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ ዳማከሴና ጤና አዳም ያበቅላሉ ተባለ። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለጠየቁን «እማማ» ብቻ እንላቸዋለን።

እማማ ጋ ስንደርስ ሽታው ቀድሞ ተቀበለን። ዳማከሴ ሽታው ብቻ ሀገር ቤት ያደርሳል፤ የእናት ጓሮ፣ የሚጤስ እንጨት፣ ክረምት። ኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቻቸው «ቆሪቻ ሚቺ» እያሉ እንደሚወስዱት ነገሩን፤ እሱም የምች መድኃኒት ማለት ነው። አንድ እስር ቆርጠው በጋዜጣ ሊጠቀልሉልን ሲሉ ጠየቁን።

«ለማነው ልጆቼ? ምኑን ነው ያመመው?»

«ለወንድማችን ነው እማማ። ምች መቶታል። ያንቀጠቅጠዋል፣ ይተኩሰዋል፣ ያልበዋል፤ ትንሽ ቀለል ይለውና ይመለስበታል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።»

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከካኩማ።»

እማማ ቅጠሉን መልሰው ጣሳው ላይ አስቀመጡት። «አልሸጥላችሁም» አሉ። እኛ ገንዘቡ ያነሰ መስሎን ኪሳችንን ስንዳብስ ተቆጡ። «ገንዘብ አላልኳችሁም! ምች እየሄደ እየመጣ አያንቀጠቅጥም። ናይሮቢ ወባ እምብዛም የለም፣ እናንተ ግን ከወባ አገር ነው የመጣችሁት። ይዞት መጥቶ ነው የሚሆነው። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ምች ነው ብዬ ስጨምቅለት ነው የቀበርኩት። ሂዱ፣ ደሙን አስመርምሩት። ምች ከሆነ ተመለሱ፣ በነጻ እሰጣችኋለሁ።»

ምን ልንል እንችላለን? ዝም ብለን ወጣን። እየሮጥን ተመለስን ብንል ይሻላል።

በቅርብ ካለ ክሊኒክ ከጣቱ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወሰዱ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለት ቀይ መስመር ወጣ። ወባ ነበር፣ ያውም ቶሎ ካልታከመ ወደ አንጎል የሚወጣው ዓይነት። የወባ ትንኝ ከነከሰች በኋላ በሽታው እስኪታይ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ሰውዬው ካምፕ ተነክሶ ናይሮቢ ይታመማል። እዚያ ያየው ሁሉ ብርዱን ይከሳል። ሐኪሙ እንዳሉን አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚዋጥ ኮአርተም ሰጡት፤ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር እንዲወስደውና ቢሻለውም እንዳያቋርጥ ነገሩት። በሦስተኛው ቀን ክትፎ አማረኝ አለ። ያን ጊዜ መዳኑን አወቅን።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ስሙ። ያ እንክብል ራሱ ከቅጠል የመጣ ነው! አርቴሚሲኒን የተባለው መድኃኒቱ የሚገኝበት የቻይና ተክል የእኛዋ አሪቲ ዘመድ ነች። ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት ተመራማሪ ከ1600 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ሲያገላብጡ፣ ቅጠሉ በውሃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ ይጠጣ እንደነበር አነበቡ። ማፍላት መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው የጠረጠሩት ከዚያ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ዋናውን ነገር ለይተው አወጡ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ከዚያ በፊት የነበረው ኪኒንም ከደቡብ አሜሪካ የዛፍ ቅርፊት የተገኘ ነው። ስለዚህ ቅጠልና እንክብል ጠላቶች አይደሉም። ልዩነቱ ምኑ እንደሚያድን፣ ስንቱ እንደሚበቃ፣ ለየትኛው በሽታ እንደሆነ መታወቁ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የዚያችኑ የቻይና ተክል ቅጠል አፍልቶ ለወባ መጠጣትን የማይመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው። መጠኑ አይታወቅም፣ በሽታውም ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ መድኃኒቱን ሊለማመድ ይችላል።

ታዲያ ለምን ቶሎ አልሄድንም? ይህንን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው፣ አይካድም። ሌላው ግን ፍርሃት ነው። ያሳደረን ወንድማችን በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. የነበረውን አፈሳ ያስታውሳል። ኢስሊ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ብዙዎቹ ወደ ካሳራኒ ስታዲየም ተወስደዋል። «በዚያ ሰሞን ልጅ ቢተኩሰው በሌሊት ማን ደፍሮ ይወጣል? ያለን ቅጠል ብቻ ነበር» አለን። እውነቱን ነው። ስደተኛ በጓዳው የሚያክመው ሁልጊዜ ባህሉን ስለወደደ ብቻ አይደለም። በሩ ሲዘጋበት ጓዳው ይቀራል። ነገር ግን በሩ ክፍት በሆነበት ቀንም በልማድ ጓዳ ከቀረን፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የእኛ ይሆናል። እኛ ባለፈው ሐምሌ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ጉዟችን የተማርነውን፣ ከእማማም ከሐኪሙም የሰማነውን ባጭሩ እንንገራችሁ። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። በየሱቁ የሚሸጠው አንቲባዮቲክ ለጉንፋን አይሠራም፤ ገንዘብ መጣል ነው። ዝንጅብል በማር፣ ትኩስ ሾርባ፣ አጥሚት፣ በቂ ውሃና ዕረፍት ጉሮሮን ያለዝባል፣ ሰውነትን ያበረታል። ማር የልጆችን ሳል እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል። ሆኖም ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም፤ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ የሚፈጥር ጀርም ሊኖርበት ይችላልና። የሚፈላ ውሃ ላይ ልጅ አጎንብሶ መታጠን የለበትም፤ ብዙ ልጆች የሚቃጠሉት እንዲህ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ይሸተታል እንጂ አይጠጣም። ነፍሰ ጡር እናቶች ጤና አዳም በመድኃኒት መጠን ከመጠጣት ይታቀቡ፣ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከሁሉም በላይ ግን ካምፕ ለምንኖር ሰዎች ትኩሳት ማለት መጀመሪያ ወባ ነው፤ አለመሆኑ በምርመራ እስኪታወቅ ድረስ። ከካምፕ ወጥታችሁ ሌላ ከተማ ብትታመሙ «ከካኩማ ነው የመጣሁት» በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕይወት ታድናለች። ልጅ ጡት እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ራሱን ከሳተ ወይም አንገቱ ከደረቀ ቡናውን ሳትጨርሱ ተነሡ።

ከመመለሳችን በፊት እማማን ልናመሰግን ሄድን። ታናሻችንን አገላብጠው ሳሙት፤ «አሁን እሰጣችኋለሁ» ብለው ከነሥሩ የተነቀለ አንድ የዳማከሴ ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉልን። ሎድዋር ስንደርስ ጠውልጎ ነበር፤ ሞተ ብለን ነበር። አሁን በዝግጅት ክፍላችን ደጃፍ፣ በኒሙ ጥላ ሥር፣ በዘይት ጣሳ ተተክሏል። ከመታጠቢያ የተረፈ ውሃ ጠዋትና ማታ ይጠጣል። ሦስት አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ጉንፋን የያዘው ሰው መጥቶ መውሰድ ይችላል። ትኩሳት ያለበት ግን መጀመሪያ የምርመራ ወረቀቱን ያሳየን። እንደ እማማ አንሸጥም እንላለን!

ቸር ይግጠመን።